የአረጋውያን እንክብካቤ ከየቤታቸው ይጀምር

ለ፦ ናይሮቢ ከተማ ካውንቲ መንግሥት፣ የጤና፣ ደኅንነትና ሥነ ምግብ ዘርፍ
እንዲሁም፦ በናይሮቢ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን እድሮች፣ የእምነት ተቋማትና የመረዳጃ ማኅበራት
ጉዳዩ፦ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣና በጀት እንዲመደብ ስለመጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ57ኛው አንቀጹ አረጋውያን በኅብረተሰቡ ጉዳዮች ሙሉ ተሳትፎ የማድረግ፣ በክብርና ከጥቃት ተጠብቀው የመኖር፣ እንዲሁም ከቤተሰባቸውና ከመንግሥት ተገቢ እንክብካቤና እርዳታ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ በ260ኛው አንቀጹ ደግሞ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በዚህ ድንጋጌ እንደሚጠበቅ አመልክቷል። (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ድንጋጌው እንክብካቤን ለቤተሰብ ብቻ ወይም ለመንግሥት ብቻ ሳይተው ሁለቱ የሚጋሩት ግዴታ አድርጎታል፤ በናይሮቢ በተግባር የሚታየው ግን ቤተሰቡ የራሱንም የመንግሥትንም ድርሻ ተሸክሞ መቅረቱ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከተማዋ አረጋውያንን በየቤታቸው ለመንከባከብ የሚያስችል መሠረት አሁንም አላት፤ የጎደለው ይህንን መሠረት በዕቅድ፣ በሥልጠና፣ በተገቢ ክፍያና በቋሚ በጀት አስተሳስሮ ሥራ ላይ ማዋል ነው።

የቤት ለቤት እንክብካቤ ሲባል ሆስፒታልን ወደ መኖሪያ ቤት ማዛወር ማለት አይደለም። አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት በለመዱት ቤትና በሚያውቁት ሠፈር እየኖሩ፣ ራሳቸው ማከናወን ያቃታቸውን የዕለት ተዕለት ተግባር በሠለጠነ ሰው እጅ የሚታገዙበት፣ ጤናቸው በየጊዜው የሚታይበት፣ የሚያስታምማቸውም ቤተሰብ ምክርና እረፍት የሚያገኝበት አገልግሎት ነው። በመሆኑም ዕቅዱ መነሳት ያለበት ከዕድሜ ቁጥር ወይም ከበሽታ ስም ሳይሆን ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንዳቃተው ከማወቅ ነው። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ከተዘጋጀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1963 ያሳተሙት መመዘኛ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ገላን መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሳት፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር እንዲሁም ምግብን በራስ መጉረስ ናቸው። በ1969 ሎውተንና ብሮዲ ያቀረቡት ሌላ መመዘኛ ደግሞ ገበያ መውጣትን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ልብስ ማጠብን፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድን፣ ገንዘብ መያዝንና እነዚህን የመሳሰሉ በራስ ለመኖር የሚያስፈልጉ ተግባራትን ይመዝናል። ሁለቱም መመዘኛዎች ውድ መሣሪያ የማይፈልጉ፣ አጭር ሥልጠና የወሰደ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ በጥያቄና በምልከታ ሊሞላቸው የሚችል በመሆናቸው ለናይሮቢ አቅም የሚመጥኑ ናቸው።

ከተማዋ ለአረጋውያኗ ሳታቅድ የቆየችበት ምክንያት ከአንድ የተለመደ ግምት ጋር የተያያዘ ነው። ናይሮቢ የወጣቶች ከተማ ተደርጋ ትታያለች፤ ከገጠር መጥቶ በከተማዋ የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ በዘመዶቹ መካከል ያረጃል ተብሎም ይታሰባል። ይህ ለብዙዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይደለም። በ2019 በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ናይሮቢ 4.4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በአገሪቱ ከሚኖረው 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥም 2.7 ሚሊዮን ያህሉ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ነበር። በኪቤራ የሚኖሩት ኑቢያውያን ከእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ጦር ጋር ከሱዳን የመጡ ወታደሮች ዘሮች ሲሆኑ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከኖሩበት ሠፈር ሌላ የሚመለሱበት ቀዬ የላቸውም። በ1920ዎቹ ለአፍሪካውያን በተከለለው በፑምዋኒ፣ እንዲሁም በቅኝ ግዛቱ ዘመን በተሠሩት በካሎሌኒና በዚዋኒ የከተማ ምክር ቤት ቤቶች ውስጥ ተወልደው ያረጁ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው። ከዚህ በተቃራኒ ሐኪም ቤት ይቀርባቸዋል ተብሎ ከገጠር ወደ ልጆቻቸው ቤት የሚመጡ ወላጆች አሉ፤ እነርሱም ቀን ቀን ሁሉም ለሥራ በሚወጣበት ባለአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ።

ወደ ቀዬው የማይመለሰው ሌላው ነዋሪ ስደተኛው ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ከዚያም ደርግ በ1991 ሲወድቅ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ገብተዋል፤ ከእነርሱም ከፊሉ በካምፕ ሳይቆዩ በናይሮቢ ኢስሊ ሠፈርና በአካባቢው ኑሮ መሥርተዋል። በ1991 የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የመጣ ሰው በ2021 ስድሳ ዓመት ሞልቶታል። ከእነዚህ ሰዎች የብዙዎቹ ልጆች በሦስተኛ አገር ሠፈራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄደው ወላጆቻቸው በናይሮቢ ቀርተዋል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ ይሸፍናል፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰውን አገላብጦ ማስተኛት ግን በገንዘብ ዝውውር የሚፈጸም ተግባር አይደለም። በዚህ ላይ የመርሳት በሽታ የያዘው ስደተኛ በኋላ የተማረውን ቋንቋ ቀድሞ ሊያጣና በልጅነት ቋንቋው ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ በስዋሂሊ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ለሆነው አረጋዊ ደጃፉ ድረስ ደርሶ እንኳ ሊያልፈው ይችላል።

አሁን ያለው ድጋፍ በሦስት ረድፍ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ የማዕከላዊው መንግሥት ኢኑዋ ጃሚ በተባለው ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዜጎች በወር 2,000 ሺሊንግ ይመድባል። ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ለተንከባካቢ የሚከፈለውን ሒሳብ አይሸፍንም፤ ለዜጎች የተወሰነ በመሆኑም ስደተኛውን አያካትትም። ሁለተኛው ረድፍ የአረጋውያን መኖሪያ ተቋማት ናቸው፤ በካውንቲው የሚተዳደረው ምጂ ዋ ሁሩማና በካሳራኒ የካቶሊክ ደናግል የሚመሩት ኒዩምባ ያ ዋዜ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን ተቀብለው በማኖር ዋጋው የማይተመን ሥራ ይሠራሉ፤ ሆኖም የእንዲህ ያለ ተቋም አልጋ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አረጋዊም ከቤቱ መውጣት አይፈልግም። በ1990 የተመሠረተው የናይሮቢ ሆስፒስም ሊድን በማይችል ሕመም ለተያዙ ሰዎች የስቃይ ማስታገሻ እንክብካቤ በመስጠት የአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ሆኗል፤ የሚያገለግለው ግን በጠና የታመሙትን እንጂ በእርጅና ብቻ የደከሙትን ሁሉ አይደለም።

ሦስተኛውና ለዚህ ደብዳቤ ዋና የሆነው ረድፍ ቤት ለቤት የሚሄደው የማኅበረሰብ ጤና አገልጋይ ነው፤ የናይሮቢ ነዋሪ በተለምዶ ሲኤችፒ እያለ ይጠራዋል። ኬንያ በመስከረም 2023 በመላ አገሪቱ 100,000 ያህል እንዲህ ያሉ አገልጋዮችን የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያና ሚዛን የያዘ ቦርሳ አስታጥቃ አሰማርታለች፤ እያንዳንዱም 100 ያህል ቤቶችን እንዲከታተል ተመድቧል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ሕግ ለእነዚህ አገልጋዮች ሕጋዊ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ የየአካባቢውን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎችም በአንድ የአገልግሎት መረብ አስተሳስሯል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በኢትዮጵያ ከ2003 አንሥቶ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በተመሳሳይ ሐሳብ፣ ማለትም ጤና ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ወደ ቤት መሄድ አለበት በሚለው እምነት ላይ የቆመ ነው። በናይሮቢ እንግዲህ ሰው የማይደርስበት በር እምብዛም አይኖርም። ችግሩ በሩን የሚያንኳኳው ሰው በዋናነት የተላከው ለእናቶችና ለሕፃናት፣ ለክትባትና ለተላላፊ በሽታ ክትትል መሆኑ ነው፤ የአረጋዊውን ግፊት ለክቶ ከመመዝገብ ባሻገር አረጋዊው ገላውን ከታጠበ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ጀርባው ላይ የአልጋ ቁስል መጀመሩን፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጠው የሚጠይቅበት ቅጽና ችግሩን ቢያገኝ ወዴት እንደሚያስተላልፍ የሚነግረው ሥርዓት ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሥራ በነባሩ አገልጋይ ጫንቃ ላይ እንዲሁ እንዲጨመር መጠየቅም ፍትሐዊ አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች የሚያገኙት ማዕከላዊው መንግሥትና ካውንቲው በእኩል የሚያዋጡትን በወር 5,000 ሺሊንግ ሲሆን፣ ይህም ደመወዝ ሳይሆን ማበረታቻ ነው። ስለዚህ የአገልጋዩ ድርሻ መፈለግ፣ መመዘንና ማስተላለፍ ሆኖ፣ ገላ የማጠብ፣ የማገላበጥ፣ የማብላት፣ የማንቀሳቀስና መድኃኒት የማስታወስ ሥራ ደግሞ ደመወዝ ለሚከፈለው ለሠለጠነ የቤት ተንከባካቢ ሊሰጥ ይገባዋል። ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይል በከተማዋ አለ። በናይሮቢ የተንከባካቢነት ሥልጠና የሚሰጡ ማሠልጠኛዎች በርክተዋል፤ ኬንያም በ2021 ከብሪታንያ ጋር በጤና ባለሙያዎች፣ በመስከረም 2024 ደግሞ ከጀርመን ጋር በሠራተኛ ፍልሰት ላይ ስምምነት ተፈራርማለች። የሌላ አገር አረጋዊን ለመንከባከብ ወጣት የምታሠለጥን ከተማ ለገዛ አረጋውያኗ የሚሆን የሥራ መደብ አለመክፈቷ ሊታረም የሚችልና ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

እስከዚያው ድረስ እንክብካቤውን የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች የቤት ሠራተኛ። የቤት ሠራተኛዋ ለምግብና ለጽዳት ተቀጥራ ሳለ አረጋዊውን ከአልጋ የማንሳቱ ሥራ ያለ ሥልጠናና ያለ ጭማሪ ሲጫንባት፣ እርሷም ወገቧን ትጎዳለች፣ አረጋዊውም ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ባጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ በቁጥሩ 189ኛ በሆነው፣ የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ የእረፍትና የደኅንነት መብት እንዳላት አረጋግጧል፤ በኬንያም የቤትና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ኩድሄያ ይህን መብት ለማስከበር ሲሠራ ቆይቷል። በመሆኑም የቤት ለቤት እንክብካቤ ዕቅድ የአረጋውያን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሴቶች የሥራና የጤና ጉዳይም ነው።

ካውንቲው ሊያወጣው የሚገባው ዕቅድ አምስት ተከታታይ እርምጃዎች ቢኖሩት በቂ ይሆናል። አንደኛው ምዝገባ ነው፤ በ17ቱ ንዑስ ካውንቲዎችና በ85ቱ ቀበሌዎች ውስጥ ያሉ አረጋውያን በማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች አማካይነት፣ ዜግነት ሳይለይ፣ ከላይ በተገለጹት መመዘኛዎች ይመዘገቡ። ሁለተኛው ደረጃ ማውጣት ነው፤ ራሳቸውን የቻሉት በመደበኛ ጉብኝት፣ ከፊል እርዳታ የሚሹት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ የሚጠብቁት ቢያንስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጎብኙ። ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው፤ ለሒሳብ ያህል በአንድ ቀበሌ 40 ሙሉ እርዳታና 60 ከፊል እርዳታ የሚሹ አረጋውያን ቢኖሩ በሳምንት 180 ጉብኝት ያስፈልጋል፤ አንድ ተንከባካቢ በቀን አራት ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 20 ጉብኝት ስለሚያደርግ ለቀበሌው ዘጠኝ ተንከባካቢዎች ይበቃሉ። አራተኛው የሙያ ክትትል ነው፤ ተንከባካቢዎቹ በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ በምትመደብ ነርስ ይመሩ፤ ቁስል፣ ትኩሳት፣ ድንገተኛ ድካም ወይም የጥቃት ምልክት ሲያዩ በዚያው ቀን የሚያሳውቁበት መንገድ ይኑራቸው። አምስተኛው ለቤተሰብ የሚደረግ ድጋፍ ነው፤ ይህም ቤተሰቡን እንዴት ማንሳት፣ ማገላበጥና መመገብ እንደሚቻል ማስተማርንና አስታማሚው በየጊዜው ጥቂት ቀን የሚያርፍበትን ተተኪ መስጠትን ያካትታል።

ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ገንዘብ የለም የሚል በመሆኑ ሒሳቡን እስከ መጨረሻ ማድረስ ይጠቅማል። በምሳሌው መሠረት ለእያንዳንዱ ቀበሌ ዘጠኝ ተንከባካቢ ቢመደብ ለ85ቱ ቀበሌዎች 765 ሰው ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 20,000 ሺሊንግ ቢከፈል የዓመቱ ደመወዝ 183.6 ሚሊዮን ሺሊንግ ይሆናል። የካውንቲው ዓመታዊ በጀት በቅርብ ዓመታት ከ40 ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ስለሆነ ይህ ወጪ ከበጀቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሥልጠና፣ ጓንት፣ የቁስል ማሰሪያና ትራንስፖርት ተጨምሮበት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ከመቶ አንድ አያልፍም። ከዚህ በተጨማሪ በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ፈንድና ለሥር የሰደዱና ለጽኑ ሕመሞች የሚውል ፈንድ አቋቁሟል፤ ካውንቲው የቤት ለቤት እንክብካቤ በእነዚህ ፈንዶች ከሚሸፈኑ አገልግሎቶች ዝርዝር እንዲገባ ማዕከላዊውን መንግሥት በይፋ ሊጠይቅ ይችላል። የአልጋ ቁስልን ቀድሞ መከላከልና አረጋዊን ሳይወድቅ መደገፍ ለኋላ የሚመጣውን የሆስፒታል ወጪ እንደሚቀንስ ለጤና ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ከባህል የሚነሳ ነው፤ መንግሥት ተንከባካቢ ከላከ ልጆች ወላጆቻቸውን መጦር ይተዋሉ የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከመልካም ልብ የመነጨ ቢሆንም የሌሎች አገሮች ተሞክሮ የሚያሳየው ቤተሰብና መንግሥት ሥራውን ሊከፋፈሉት እንደሚችሉ ነው። ጃፓን በሚያዝያ 2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ስትጀምር ከምክንያቶቿ አንዱ በሚስቶችና በምራቶች ላይ የወደቀውን ሸክም ማቃለል ነበር፤ ደቡብ አፍሪካም በ2006 ባወጣችው የአረጋውያን ሕግ በቤትና በማኅበረሰብ የሚሰጥ እንክብካቤን ከተቋማት እንክብካቤ ጎን ለጎን አስቀምጣለች። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2016 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል ደግሞ መንግሥታት ቤተሰብ አረጋውያኑን በቤት እንዲንከባከብ የሚያግዝ ድጋፍ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ስለዚህ የተንከባካቢው መምጣት የልጅን ፍቅር የሚተካ ሳይሆን፣ የደከመ ልጅ እንዳይሸሽ የሚያጸና ነው።

በናይሮቢ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም ከዚህ ኃላፊነት ውጪ አይደለም። እድር በየትኛውም አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ይዞት የሚዞር ሥርዓት ነው፤ ለቀብር መዋጮ፣ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና የዕቃ ክፍል አለው፤ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተወስኗል። ያው አረጋዊ ከመሞቱ በፊት ለወራት ወይም ለዓመታት አልጋ ላይ ሲውል ግን ማን እንደሚያጥበውና ማን ሐኪም ቤት እንደሚያደርሰው የሚወስን ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ይህ ሊለወጥ እንደሚችል ከአገር ቤት የተገኘ ማስረጃ አለ፤ በኤችአይቪ ወረርሽኝ ዓመታት የአዲስ አበባ እድሮች ሥራቸውን ከቀብር አሻግረው ሕሙማንን በየቤታቸው ማስታመምና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። የናይሮቢ እድሮችና የእምነት ማኅበራትም ከመዋጯቸው ጥቂቱን ለሕያዋን አረጋውያን ቢለዩ፣ አባላቸው የሆኑትን አረጋውያን ቢመዘግቡ፣ በየሳምንቱ የሚጎበኙ ሁለት ሁለት ሰዎች ቢመድቡ፣ ለካውንቲውም አማርኛና ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ወጣቶችን ለሥልጠና ቢያቀርቡ፣ ዕቅዱ ሲመጣ የሚጠብቀው ዝግጁ መሠረት ይሆናሉ።

በዚህም መሠረት የናይሮቢ ከተማ ካውንቲ መንግሥት በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ እንዲከፍት፤ ኢስሊና ፑምዋኒ የሚገኙባትን ካሙኩንጂንና ኪቤራን በመሰሉ፣ ወደ ገጠር የማይመለሱ አረጋውያን በሚበዙባቸው አካባቢዎች የሙከራ ሥራ እንዲጀምር፤ የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች ቅጽ ላይ የዕለት ተዕለት ተግባር መመዘኛ እንዲጨምር፤ የቤት ተንከባካቢነትን ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ አድርጎ እንዲያጸድቅ፤ ስደተኞችንም በምዝገባው እንዲያካትት በአክብሮት ይጠየቃል። እድሮችና የእምነት ተቋማት ደግሞ የካውንቲውን ውሳኔ ሳይጠብቁ የየአባሎቻቸውን አረጋውያን መመዝገብ ከዚህ ወር እንዲጀምሩ ይለመናሉ። ሕገ መንግሥቱ እንክብካቤን መብት ካደረገ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ መብቱ የሚፈጸመው በወረቀት ላይ ሳይሆን አረጋዊው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው፤ ለዚህም ጊዜው አሁን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ናይሮቢ